የመጀመሪያዋ ደብሊው 15፦ ከአዲስ አበባ ወደ ሞናስቲር ከመሄዷ በፊት

ቀዩ ሜዳ (ጠያቂ)

ሰላም የዚህ ቤት ሰዎች። የማሠለጥናት የቴኒስ ተጫዋች 16 ዓመት ከ4 ወር ሆኗታል። በጁኒየር ውድድር ጥቂት ነጥብ ይዛለች፤ የደብሊውቲኤ (የሴቶች ፕሮፌሽናል ቴኒስ ማኅበር) ደረጃ ግን የላትም። ያደገችው አዲስ አበባ ቀይ አፈር ሜዳ ላይ ነው። ፎርሃንዷ ያስፈራል፣ ሁለተኛ ሰርቯ ገና ነው። አሁን ቱኒዚያ፣ ሞናስቲር ሄዳ ሦስት ተከታታይ ሳምንት ደብሊው 15 (የሴቶች ፕሮፌሽናል ውድድር የመጨረሻው ዝቅተኛ እርከን) እንድትጫወት ታስቧል።

ግራ የገቡኝ ነገሮች እነዚህ ናቸው። ደረጃ የሌላት ልጅ እንዴት ነው የምትመዘገበው? ስንት ጨዋታ ብታሸንፍ ነው ስሟ ሠንጠረዥ ላይ የሚወጣው? ከ2,300 ሜትር ከፍታ ወርዳ ባሕር ዳር ስትጫወት ኳሱ ምን ይሆናል? (ባሕር ዳር ስል ከተማዋን አይደለም።) ገንዘቡስ ያዋጣል ወይ? ነገሩን በቁጥር የሚያውቅ ሰው ይመልስልኝ፤ "በርቱ" የሚል መልስ በቂ አለኝ።

መዝጋቢው

ከምዝገባው ልጀምር፤ ብዙ ሰው አንድ ኳስ ሳይመታ የሚሸነፈው እዚያ ላይ ነው።

መጀመሪያ የአይቲኤፍ (ዓለም አቀፉ የቴኒስ ፌዴሬሽን) አይፒን የሚባለው የተጫዋች መመዝገቢያ ቁጥር ያስፈልጋታል። ስሟና የልደት ቀኗ ፓስፖርቷ ላይ እንዳለው ፊደል በፊደል ይግባ። በእኛ አቆጣጠር የተጻፈ የልደት ወረቀት ይዞ ዓመቱን እንዳለ የሚገለብጥ ሰው አለ፤ ያን ጊዜ ልጅቷ በአንድ ጀምበር ሰባት ስምንት ዓመት ታረጃለች። ክፍያው በውጭ ምንዛሪ በካርድ ስለሆነ ለዓለም አቀፍ ክፍያ የተከፈተ ካርድ ቀደም ብላችሁ አዘጋጁ፤ የመጨረሻው ቀን ላይ ባንክ ቤት መሰለፍ አያዋጣም። ቲፕ የሚባለውን የስፖርት ታማኝነት ትምህርትም በኢንተርኔት ትጨርስ።

ቀነ ገደቡ ውድድሩ የሚውልበት ሳምንት ሰኞ ሊደርስ 18 ቀን ሲቀረው ነው፤ ሁልጊዜ ሐሙስ ላይ ይውላል። ሰዓቱ በግሪንዊች 14፡00፣ በእኛ ደግሞ ከቀኑ 11 ሰዓት ነው። 14፡00ን አይቶ "8 ሰዓት" ያለ ሰው ሦስት ሰዓት ቀድሞ ይጨርሳል እንጂ አይጎዳም። የሚጎዳው "ሐሙስ ነው፣ እስከ ማታ አለን" ያለው ነው። ከውድድሩ ያለ ቅጣት ለመውጣት ደግሞ ማክሰኞ፣ 13 ቀን ሲቀር፣ በዚያው ሰዓት። በዚህ ሁለት ቀን መካከል ያለውን ጊዜ ለቪዛ ተጠቀሙበት። ማክሰኞ ድረስ ቪዛ እጃችሁ ካልገባና የመግባቱ ነገር አጠራጣሪ ከሆነ ውጡ። ከዚያ በኋላ መውጣት ያስቀጣል፤ ሳያሳውቁ መቅረት ደግሞ ይብሳል።

ለአንድ ሳምንት ከአንድ በላይ ውድድር በቅደም ተከተል መምረጥ ይቻላል። ሞናስቲርን አንደኛ፣ ሌላ ቦታ ሁለተኛ አድርጋችሁ አስገቡ፤ ማን እንደተመዘገበ አይታችሁ ቀነ ገደቡ ሳያልፍ ቅደም ተከተሉን መቀየር ትችላላችሁ።

ማን ቀድማ ትገባለች ለሚለው፦ በመጀመሪያ የደብሊውቲኤ ደረጃ ያላቸው፣ ቀጥሎ የአይቲኤፍ ወርልድ ቴኒስ ደረጃ ያላቸው፣ ከዚያ በፌዴሬሽናቸው በኩል የታወቀ ብሔራዊ ደረጃ ያላቸው፣ በመጨረሻ ምንም የሌላቸው። ልጃችሁ ያለችው ጭራው ላይ ነው። ስለዚህ ፌዴሬሽኑ ብሔራዊ ደረጃዋን እንዲያስመዘግብ ዛሬውኑ ጠይቁ፤ "ምንም የላትም" ከሚለው ቡድን አንድ እርከን ያወጣታል። በጁኒየር ዓለም ደረጃ ከመጀመሪያዎቹ 100 ውስጥ ላሉ ልጆች የተያዙ ቦታዎችም አሉ፤ "ጥቂት ነጥብ" ስላልክ ግን ያ እሷን የሚመለከት አይመስለኝም።

ዋናው ድልድል 32 ተጫዋች ነው፤ ስምንቱ ከማጣሪያ የሚመጡ፣ አራቱ ዋይልድ ካርድ (በግብዣ የሚሰጥ ቦታ)፣ የቀሩት በደረጃቸው የገቡ። ዋይልድ ካርዱ በአዘጋጁ አገር እጅ ስለሆነ ቱኒዚያ ላይ አትቁጠሩበት። ማጣሪያው ብዙ ጊዜ እሑድ ይጀምራል፣ ዋናው ማክሰኞ። ተጠባባቂ ዝርዝር ላይ ብትሆን እንኳ በዋዜማው የሚፈረምበት ሰዓት አለ፤ የፈረመችው ባልመጣችው ፈንታ ትገባለች። ስለዚህ ቅዳሜ ማታ የሚያርፍ አውሮፕላን አትቁረጡ። ዓርብ ጠዋት እዚያ ትገኝ።

ዕድሜዋንም አስቡ። በ16 ዓመቷ፣ ከልደት እስከ ልደት፣ 12 የፕሮፌሽናል ውድድር ብቻ ነው የተፈቀደላት፤ በ17 ወደ 16 ከፍ ይላል፣ በ18 ገደቡ ይነሳል። ማጣሪያ ላይ ተሸንፋ የተመለሰችበትም ይቆጠራል። ሦስቱን አሁን ከተጠቀመች ለቀሪው 8 ወር 9 ይቀራታል ማለት ነው።

ነጥብ ቆጣሪ

ሁለተኛውን ጥያቄ እኔ ልውሰደው።

ከ2024 ወዲህ (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) የውድድሩ ቁጥር ራሱ የሻምፒዮኗ ነጥብ ነው። ደብሊው 15 ያሸነፈች 15፣ በፍጻሜ የተሸነፈች 10፣ ግማሽ ፍጻሜ 6፣ ሩብ ፍጻሜ 3፣ ከ16ቱ አንዷ የሆነች 1። በዋናው ድልድል የመጀመሪያ ዙር ላይ የወደቀች ባዶ እጇን ትመለሳለች። በደብሊው 15 ማጣሪያውን ማለፍ ብቻውን የደብሊውቲኤ ነጥብ የለውም።

የደብሊውቲኤ ነጠላ ሠንጠረዥ ላይ ስም እንዲወጣ ከሁለቱ አንዱ መሟላት አለበት፦ በሦስት የተለያዩ ውድድሮች ነጥብ ማግኘት፣ ወይም በድምሩ 10 ነጥብ መድረስ። እንግዲህ አስሉት። ማጣሪያው 32 ሰው ከሆነ ለማለፍ ሁለት ድል ያስፈልጋል፤ በዋናው አንድ ስትጨምር 1 ነጥብ። ይህን ሦስት ሳምንት ብትደግመው ዘጠኝ ድል ለሦስት ነጥብ ማለት ነው፤ ስሟም ይወጣል። ሌላው መንገድ በአንድ ሳምንት ከማጣሪያ ተነስቶ ፍጻሜ መድረስ ነው፤ ስድስት ድል፣ 10 ነጥብ። በጨዋታ ብዛት ሁለተኛው ያንሳል፤ ነገር ግን ስድስተኛዋ ተጋጣሚ ከሦስተኛዋ ጋር አትወዳደርም፣ እግርም በስምንተኛው ቀን እንደ መጀመሪያው ቀን አይሮጥም። ለመጀመሪያ ጉዞ የሚታሰበው አንደኛው ነው።

ነጥብ 52 ሳምንት ይኖራል፣ ከዚያ ይወድቃል። በነጠላ የሚደመረው የዓመቱ ምርጥ 18 ውጤት ነው። ይህ ቁጥር አንድ ነገር ይነግረናል፦ አንዲት ተጫዋች 18 ጊዜ ደብሊው 15 ብታሸንፍ (ማንም አያደርገውም) ያላት 270 ነጥብ ብቻ ነው። በዚያ ነጥብ የግራንድ ስላም ማጣሪያ እንኳ አፋፍ ላይ ነው የሚያቆመው። በአንጻሩ ከፍ ባለው እርከን፣ ደብሊው 35 ላይ ሦስት ጨዋታ አሸንፋ ግማሽ ፍጻሜ የደረሰች 14 ነጥብ አላት፣ ሩብ ፍጻሜ 8፣ ከ16ቱ መግባት 4። አምስት ድል ለ15፣ ሦስት ድል ለ14። ወደ ላይ የሚወጡት ልጆች ይህን ሒሳብ ቶሎ የገባቸው ናቸው።

ከዚህ እርከን ተነስተው የወጡ ተጫዋቾች ስም ካስፈለገ፦ ኢጋ ሽቪዮንቴክ በ2016 ስቶክሆልም ላይ ያሸነፈችው በጊዜው የመጨረሻው እርከን የነበረውን የ10,000 ዶላር ውድድር ነው፤ በአይቲኤፍ ደረጃ የደረሰችባቸውን ሰባት ፍጻሜዎች ሁሉ አሸንፋ ወጥታለች። ኤማ ራዱካኑ በ2018 ሄግና እስራኤል ውስጥ ጥብርያዶስ ላይ 15,000 ዶላር ያላቸውን አሸንፋ ነው የጀመረችው፤ ዩኤስ ኦፕን 2021 የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ፊሊፒናዊቷ አሌክሳንድራ ኢያላ በጥር 2021 ማናኮር ላይ ደብሊው 15 ስታሸንፍ 15 ዓመቷ ነበር። አንዳቸውም እዚያ እርከን ላይ ቤት አልሠሩም።

ወጣሪው

የከፍታው ጥያቄ የኔ ነው፤ ራኬት የምወጥረው እኔ ነኝ።

አዲስ አበባ ላይ አየሩ ከባሕር ጠለሉ በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛ፣ ኳሱን የሚይዘው ነገር ስለሚያንስ ይከንፋል። ሁለተኛ፣ ቶፕ ስፒን (ኳሱን ወደ ፊት የሚያሽከረክረው አመታት) ኳሱን ወደ ታች የሚጎትተው አየሩን ተደግፎ ስለሆነ ጉልበቱ ይቀንሳል። በዚያ ላይ ጣሳ ውስጥ ታሽጎ የሚመጣው ተራ ኳስ የውስጥ ግፊቱ ለባሕር ጠለል የተሠራ ስለሆነ እኛ ጋ ከልኩ በላይ ይነጥራል። የቴኒስ ሕግ ራሱ ከ1,219 ሜትር በላይ ለሚደረግ ጨዋታ የተለየ ኳስ ያስቀመጠው በዚህ ምክንያት ነው።

ሞናስቲር ላይ ሁሉም ይገለበጣል። እዚህ መስመር ላይ የሚያርፈው ፎርሃንድ እዚያ ሰርቪስ ሳጥኑ ውስጥ ይወድቅና ለተጋጣሚ ጉርሻ ይሆናል። ኳሱ ዝቅ ብሎ፣ ዘግይቶም ይመጣል፤ የእኛ ልጅ ደግሞ ቀድማ ማወዛወዝ ለምዳለች። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት የምታጠፋው "ዛሬ ክንዴ አልታዘዘኝም" እያለች ነው። ክንዷ ምንም አልሆነ፣ ኳሱ ገና አልደረሰም።

የሚደረገው እንዲህ ነው። የክሩን ውጥረት ከ1 እስከ 1.5 ኪሎ ቀንሱ። እዚህ በ25 የምትጫወት ከሆነ አንዱን በ24፣ አንዱን በ23.5 ወጥራችሁ ላኩ፣ ሦስተኛውን እዚያ ሞክራ ትወስን። ፖሊስተር ክር ከሆነ ከስምንት አሥር ሰዓት ጨዋታ በኋላ ሳይበጠስም ይሞታል፤ ድምፁ ይደፈናል፣ ኳስ ያመልጣል። ለአንድ ራኬት 12 ሜትር ግድም ይሄዳል፣ ስለዚህ የ200 ሜትር ጥቅልል 16 ጊዜ ያስወጥራል። ሦስት ሳምንት ለምትቆይ ልጅ ጥቅልሉን ይዞ መሄድ እዚያ በነጠላ ከመግዛት ይረክሳል፣ የለመደችውንም ክር ታገኛለች። ራኬት ከሦስት አይነስ፤ ሁለት ይዞ መሄድ አንዱ ክር ሲበጠስ በአንድ ራኬት መጫወት ነው።

ከመሄዷ በፊት ባለው ሁለት ሳምንት የከፍታ ኳስ ካገኛችሁ በእሱ ተለማመዱ። ካላገኛችሁ ጣሳው ከተከፈተ ቀናት ያለፉትን፣ ግፊታቸው የቀነሰውን ኳሶች ለዩ፤ ፍጹም አይደለም፣ ግን ዝቅ ያለውን ንጥረት ያለማምዳል። ከመረቡ በላይ (መሐሉ 91.4 ሴንቲ ሜትር ነው) ኳስ የምታሳልፍበትን ከፍታ በግማሽ ሜትር ጨምሩ። ከሁለቱ መረብ ማሰሪያዎች መካከል ክር ዘርግታችሁ ከላዩ እንድትመታ ማድረግ ከመቶ ቃል ይሻላል።

ለሁለተኛ ሰርቯ ግን ጥሩ ዜና ነው። እሽክርክሪቱ ወፍራሙ አየር ላይ በደንብ ይሠራል፤ እዚህ እየረዘመ የሚወጣባት ኪክ ሰርቭ እዚያ ሳጥኑ ውስጥ ይጠልቃል። ኳሱ እንዳይወጣባት ክንዷን መያዝ ለምዳ ከሆነ ግን ያንን ትተው፣ ሙሉ ትወዝውዝ። ሞናስቲር ነፋስ አለ። ሰርቭ ስታደርግ ኳሱን ዝቅ አድርጋ ትወርውር።

ጫማም አትርሱ። ሞናስቲር ሃርድ ኮርት (ጠንካራ ወለል ያለው ሜዳ) ነው። የአፈር ሜዳ ጫማ ሶሉ በሳምንት ያልቃል፤ አዲስ ጫማ ደግሞ በውድድር ቀን አይፈታም። ሁለት ጥንድ የሃርድ ኮርት ጫማ፣ ሁለቱም እዚህ አሥር ሰዓት የተሮጠባቸው ይሁኑ። አፈር ላይ የለመደችውን መንሸራተት እዚያ ብትሞክረው ቁርጭምጭሚቷ ነው የሚከፍለው።

ቀዩ ሜዳ (ጠያቂ)

እግዜር ይስጥልኝ፤ ክሩን ከመረቡ በላይ የመዘርጋቱን ነገር ነገ እጀምራለሁ። አንድ ልጨምር፦ ማጣሪያ ላይ ዳኛ የለም የሚባለው እውነት ነው? እንግሊዝኛዋ ብዙም አይደለም።

የወንበር ዳኛ

ልክ ነው፣ ይህን ደግሞ ልምምድ ላይ የሚያስተምረው የለም። በማጣሪያ ጨዋታዎች ወንበር ላይ የሚቀመጥ ዳኛ ላይኖር ይችላል። ሜዳዎቹ መካከል የሚዘዋወር ዳኛ ይኖራል፣ መስመሩን የምትጠራው ግን ተጫዋቿ ናት። ሕጎቹ አጭር ናቸው፣ በቃሏ ትያዛቸው።

በራሷ በኩል ያለውን መስመር ሁሉ የምትጠራው እሷ ናት፣ በተጋጣሚዋ በኩል ያለውን ደግሞ ተጋጣሚዋ። ጥሪው ወዲያውና ጮክ ብሎ ይሁን፤ "አውት" ወይም "ፎልት"፣ አመልካች ጣት ወደ ላይ። ከተጠራጠረች ኳሱ ገብቷል። በለሆሳስ ተናግራ፣ ኳሱን መልሳ፣ ነጥቡን ስትሸነፍ "አውት ብዬ ነበር" ማለት አይሠራም።

ተሳስታ "አውት" ብላ ወዲያው ኳሱ ገብቶ እንደነበር ከገባት ነጥቡ ይደገማል። ሁለት ሁኔታ ላይ ግን አይደገምም፣ ነጥቡን ታጣለች፦ የተጋጣሚዋ ምት ነጥቡን የሚጨርስ ከነበረ፣ ወይም በዚያው ጨዋታ ቀደም ብላ አንዴ ተሳስታ ከነበረ። ይህን የማያውቅ ልጅ ሁለተኛው ላይ ሲደርስ ያለቅሳል።

ዋናው ግን የነጥብ ጥሪ ነው። ሰርቭ የምታደርገው ተጫዋች ከእያንዳንዱ የመጀመሪያ ሰርቭ በፊት ውጤቱን ተጋጣሚዋ በምትሰማው ድምፅ መጥራት አለባት። የእኛ ልጆች ያፍራሉ፣ በልባቸው ይቆጥራሉ። ከዚያ 30 ለ15 ነው፣ አይ 15 ለ30 ነው የሚል ክርክር ይነሳል። ዳኛው ተጠርቶ ሲመጣ ያላየውን ሊፈርድ አይችልም፤ ሁለቱም የሚስማሙባቸውን ነጥቦችና ጌሞች ብቻ ቆጥሮ ከዚያ ያስቀጥላል። የተካደችው ነጥብ ትጠፋለች። መድኃኒቱ ተራ ነገር ነው፦ ከአሁን ጀምሮ በልምምድ ጨዋታ ሁሉ ውጤቱን በእንግሊዝኛ ጮክ ብላ ትጥራ። ከ"ላቭ" እስከ "አድቫንቴጅ" ያለው ከአሥር ቃል አይበልጥም፤ "አፊሻል ፕሊዝ" የሚለውን ጨምሩበት። ተጋጣሚዋ ደጋግማ ከካደች ክርክር አትግጠም፣ እጇን አንስታ ዳኛ ትጥራና እዚያው ሜዳ ላይ እንዲቆም ትጠይቅ።

የቀረው አንድ ነገር፦ ማጣሪያ ላይ ሦስተኛ ሤት (ከሴት ጋር እንዳይምታታ በንጉሡ ሠ ልጻፈው) ሙሉ አይደለም። አንድ ለአንድ ከሆኑ እስከ 10 የሚደርስ፣ በሁለት ልዩነት የሚያልቅ ታይብሬክ ነው የሚወስነው። የረጅም ጨዋታ ትዕግሥት ያላት የአፈር ሜዳ ልጅ ይህ ይጎዳታል። እዚያ ሁለት ደካማ ሁለተኛ ሰርቭ ጨዋታውን ሊያሳጣት ይችላል። ልምምዱን በታይብሬክ ዝጉ፤ ሦስት ባለ 10 ታይብሬክ፣ የመጀመሪያ ሰርቭ ተከልክሎ፣ በሁለተኛው ብቻ።

ናይሮቢ ቅርብ ነው

ከላይ ያሉት ሁሉ ልክ ናቸው፣ ጥያቄው ራሱ ነው ልክ ያልሆነው። ለምን ሞናስቲር?

በሞናስቲር የሚወራው ጥቅም እውነት ነው። ውድድሩ ዓመቱን ሙሉ ሳምንት ከሳምንት ይደረጋል፣ አንድ ቦታ ተቀምጣ ሦስት ሳምንት ትጫወታለች፣ የአውሮፕላን ወጪ አንዴ ነው። ችግሩ ይህን ጥቅም ግማሽ አውሮፓ ማወቁ ነው። ማጣሪያው በጁኒየር ውድድር ባደጉ የ18 እና 19 ዓመት ልጆች ይሞላል። ብሩንም እዩት፦ ደብሊው 15 አጠቃላይ ሽልማቱ 15,000 ዶላር ነው፤ በነጠላ ዋናው ድልድል የመጀመሪያ ዙር ተሸናፊ ከ200 ዶላር በታች ነው የምታገኘው፣ ሻምፒዮኗ ከ2,000 ትንሽ ከፍ ያለ። ማጣሪያ ላይ ለወደቀች ትኬቱ፣ ሆቴሉና የክር ወጪው ሁሉ ኪሳራ ነው። ማንም በዚህ እርከን ገንዘብ አያተርፍም፣ ስለዚህ "ያዋጣል ወይ" ሳይሆን "በዚህ ገንዘብ ስንት ጨዋታ እንገዛለን" በሉ።

ናይሮቢ የአይቲኤፍ የሴቶች ውድድር ሲኖራት ሜዳው አፈር ነው፣ ከፍታው 1,700 ሜትር ገደማ፣ ጉዞው ሁለት ሰዓት፣ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ቪዛ አይጠየቅበትም። ልጅቷ የምታውቀው ሜዳ ላይ፣ የምታውቀው አየር ውስጥ የመጀመሪያ ነጥቧን ትፈልግ። አንጄላ ኦኩቶዪን ተመልከቱ፤ ከናይሮቢ አፈር ሜዳ ተነስታ በ2022 የዊምብልደን ጁኒየር ጥንድ ዋንጫን ከሆላንዳዊቷ ሮዝ ማሪ ናይካምፕ ጋር አነሳች፣ አሜሪካ ኦበርን ዩኒቨርሲቲ ገባች፣ አክራ ላይ በመጋቢት 2024 በተደረገው የአፍሪካ ጨዋታዎች በነጠላ ወርቅ ወሰደች። ያቺ ልጅ በ16 ዓመቷ ጁኒየር ውድድር ላይ ነበረች።

ደግሞ የኮሌጁን መንገድ ካሰባችሁ የጉዞ ደረሰኝ አንድም አይጣል። ከወጪ በላይ የሚገኝ የሽልማት ገንዘብ በአሜሪካ ኮሌጅ ስፖርት ጥያቄ ሲያስነሳ ቆይቷል፤ የአሁኑን ሕግ ከኮሌጁ አጣሩ፤ ወጪውን ማሳየት የምትችለው በወረቀት ነው።

ነጥብ ቆጣሪ

ናይሮቢ በዓመት ጥቂት ሳምንት ነው ውድድር የሚኖራት፣ እሱን ጠብቆ ሰሌዳ መሥራት አይቻልም። ደግሞ አፈርና ከፍታ ላይ ብቻ ያገኘችው ነጥብ ሃርድ ኮርት ላይ ስትወጣ ይከዳታል። እኔ ብሆን በዚያ ሳምንት ናይሮቢ ውድድር ካለ ናይሮቢን፣ ከሌለ ሞናስቲርን እመርጣለሁ፤ ግን ሦስት ሳምንት ሳይሆን ሁለት። 12 ውድድር ላላት ልጅ አንድ ትርፍ ሳምንት በጀቷን ያሟጥጥባታል። ሦስተኛውን ሳምንት ፕሮፌሽናል ሳይሆን የአይቲኤፍ ጁኒየር ውድድር አድርጉት፤ ዕድሜዋ ገና ነው፣ እዚያ የምታገኘው ደረጃ ለነዚያ ለተያዙት ቦታዎችም ያቀርባታል።

የጥንድ ጨዋታን ያነሳ ሰው የለም። ድልድሉ 16 ቡድን ነው፣ የጥንድ ነጥብ ራሱን የቻለ ሠንጠረዥ አለው፣ በነጠላ ማጣሪያ ላይ እሑድ ከወደቀች ሳምንቱን ሙሉ ሜዳ ላይ የሚያቆያት እሱ ነው። ሲደርሱ አብራ የምትፈርም ተጫዋች የተጠባባቂዎች ዝርዝር ላይ አይታ ቀደም ብላ በመልእክት ትጠይቅ። ጥንድ ላይ 40 እኩል ሲሆን አንድ ነጥብ ነው የሚወስነው፣ አድቫንቴጅ የለም፤ ይህንንም ተለማመዱት።

የመድኃኒት ቤቱ

ማንም ሳይጠቅሰው እንዳያልፍ። ፕሮፌሽናል ውድድር ላይ ከገባች ቀን ጀምሮ የአበረታች መድኃኒት ምርመራ ሊደረግላት ይችላል፤ ደብሊው 15 ትንሽ ነው ተብሎ አይቀርም። ጉንፋን ሲይዛት ከፋርማሲ የሚገዛው እንክብል ውስጥ ያሉት ኤፌድሪንና ሱዶኤፌድሪን በውድድር ወቅት ገደብ አላቸው፤ የመጀመሪያው በአንድ ሚሊ ሊትር ሽንት 10 ማይክሮ ግራም፣ ሁለተኛው 150። ጫት ውስጥ ያለው ካቲንም በዝርዝሩ ላይ ነው፣ ገደቡ 5 ማይክሮ ግራም። ልጅቷ አትቅምም ብዬ አምናለሁ፤ አብረው የሚጓዙትን አዋቂዎች ግን አላምንም፣ "ለድካም ይሁንሽ" ብሎ የሚሰጥ አይጠፋም። ስሙ በማይነበብ ጣሳ የመጣ የፕሮቲን ዱቄት አትያዝ። የሐኪም መድኃኒት የምትወስድ ከሆነ ሳትሄድ ፈቃድ ይጠየቅበት።

ሌላው ቁማር ነው። በዚህ እርከን ያሉ ተጫዋቾችን በማኅበራዊ ሚዲያ "አንድ ጌም ልቀቂ" ብለው የሚጠይቁ ሰዎች አሉ። እምቢ ማለት ብቻ አይበቃም፣ ለአይቲአይኤ (የቴኒስን ታማኝነት ለሚቆጣጠረው ተቋም) ማሳወቅ ግዴታዋ ነው። መልእክቱን አታጥፋ፣ ቅጂ ይዛ ታሳውቅ። አሰልጣኙም በዚሁ ሕግ ሥር ስለሆነ አንተም በቴኒስ ጨዋታ ላይ አትወራረድ፤ የሌላ አገር ወንዶች ጨዋታ ቢሆንም።

ቀዩ ሜዳ (ጠያቂ)

ሁለት ሳምንት እንዲሆን ተስማማሁ። የቪዛው ወረቀት ሐሙስ ይገባል፤ በማክሰኞው 11 ሰዓት ካልመጣ ሞናስቲርን እሰርዛለሁ። መዝጋቢው፣ አንድ ነገር ብቻ፦ የመጀመሪያውን ሳምንት ሰርዤ ሁለተኛውን ብተው ችግር አለው?

መዝጋቢው

ችግር የለውም፣ እያንዳንዱ ሳምንት ለብቻው ነው የሚሰረዘው። የሁለተኛው ሳምንት ማክሰኞ ከመጀመሪያው በሰባት ቀን ይዘገያል፣ ስለዚህ ቪዛው በዚያ መካከል ሊደርስ ይችላል። ሲሰርዙ ግን የማረጋገጫ ኢሜይሉ እስኪደርስ ገጹን አትዝጋ፤ ቁልፉን ተጭነው ያልተቀበለላቸው ብዙ ናቸው።